ሐረማያ፣ ሐረር ወይስ ድሬ? ግቢ ከመምረጣችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፏን ባወቅን ማግስት ቤቱ ለሦስት ተከፈለ። እናቷ «ድሬን ሙዪ፣ ከዓይኔ አትራቂ» አለች። አባቷ «ሐረማያን የመሰለ ግቢ የት አለ?» ብሎ ድርቅ አለ። ልጅቷ ደግሞ ሐረር ሄዳ ነጭ ጋውን መልበስ ነው ሕልሟ። ሦስቱም የሚሟገቱት በደንብ ስላላዩት ቦታ ነበር። እናቷ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲን የምታውቀው ከባጃጅ ላይ ነው። አባቷ ሐረማያን ያየው ዘመድ ለማስመረቅ የሄደ ቀን ነው። በምረቃ ቀን ደግሞ የማያምር ግቢ የለም።

«በቃ፣ ሄደን እንያቸው» አልኩ። እኔና እሷ ሁለት ቀን ወስደን ሦስቱንም አየን። ይህን የምጽፈው ዘንድሮም ሆነ ከርሞ እንደኛ ቅጽ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ግራ ለሚጋቡ ልጆችና ወላጆች ነው።

በዚህ ነገር ለምን ግትር እንደምል ልንገራችሁ። እኔ ራሴ ግቢ የመረጥኩት በካላንደር ፎቶ ነው። ጎረቤታችን ሳሎን ተሰቅሎ የነበረ ካላንደር ላይ ትልቅ በር፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ጽጌረዳ ነበር። ያንን አይቼ ሞላሁ። ስገባ በሩም ጽጌረዳውም እንደ ፎቶው ነበሩ። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ልንማርበት የሚገባው ማሽን ሴሚስተሩን ሙሉ ጨርቅ እንደለበሰ ከረመ። ጨርቁ ሰማያዊ ነው፤ ጥጉ ላይ እሳት የበላው ቀዳዳ ነበረው። ያቺን ቀዳዳ ዛሬም ድረስ አስታውሳታለሁ፤ ማሽኑን ግን አላውቀውም። የግቢውን ስም ተዉት። የኔ ጥፋት ሳልጠይቅ መግባቴ ነው።

መቼ ነው ማየት ያለባችሁ?

ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ብዙ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብሔራዊ ፈተናውን የተፈተነው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው። ስለዚህ ልጆቹ «ግቢውን እኮ አውቀዋለሁ፣ አድሬበታለሁ» ይላሉ። የእህቴ ልጅም ያለችኝ ይህንኑ ነው። የፈተና ሰሞን ግቢ ግን ሌላ ግቢ ነው። ነባር ተማሪ የለም። ላይብረሪ ውስጥ ለወንበር የሚጋፋ የለም። ፈተናውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ልጅም ዙሪያውን አያይም። ዶርሙን ያየው እንደ ማደሪያ ነው፤ አራት አምስት ዓመት እንደሚኖርበት ቤት አይደለም።

ክላስ ባለበት ቀን ሂዱ። ቅዳሜና እሁድ አትሂዱ። ደግሞ እያንዳንዱን ቦታ በክፉ ሰዓቱ እዩት። ድሬን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሐረማያን ማለዳና ምሽት ላይ። በደህና ሰዓቱ ሁሉም ጥሩ ነው።

ጥበቃዎቹ በር ላይ ዝም ብለው አያስገቡም። ልክ ናቸው። ውስጥ የሚማር የሰፈር ልጅ ወይም ዘመድ ፈልጋችሁ በር ድረስ መጥቶ ይቀበላችሁ፤ መታወቂያም ያዙ። ያ ልጅ ከማንኛውም አስጎብኚ ይበልጥባችኋል። «ግቢው እንዴት ነው?» ብላችሁ ግን አትጠይቁት፤ «አሪፍ ነው» ብሎ ይገላገላችኋል። «ትናንት ማታ የት አጠናህ? ዛሬ ጠዋት ምን በላህ? ባለፈው ሳምንት ስንት ክላስ ነበረህ፣ ስንቱስ ተካሄደ?» በሉት። መልሱን ስትሰሙ ግቢውን ታውቁታላችሁ።

ሐረማያ

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከድሬ ሚኒባስ ያዝን። ልጅቷ ድሬ እንደለመደችው እጅጌ የሌለው ቀሚስ ነው የለበሰችው። «ሹራብ ያዢ» ብላት «አክስቴ ደግሞ!» አለችኝ። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በ40 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ የደንገጎን ተራራ እየተጠማዘዛችሁ ያንን ሁሉ ትወጣላችሁ። ግማሹ ላይ ጆሮዋ ተደፈነ። አናቱ ላይ ስንደርስ መስኮቱን ዘጋች። አዴሌ ላይ ነጠላዬን ወሰደችብኝ።

ይህን እንደ ቀላል አትዩት። የድሬ ልጅ ሐረማያ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ሒሳቡ አይደለም፣ ብርዱ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ማለዳ 2 ሰዓት ክላስ መግባት ለቆላ ልጅ ፈተና ነው። የሚላመዱት ግን ቶሎ ነው። ከዚያ በኋላ ብርዱ ራሱ ለጥናት ይጠቅማል። ከሰዓት በኋላ ላይብረሪ ውስጥ እንቅልፍ የሚጥል ሙቀት የለም።

ስትገቡ ዓይናችሁን የሚይዘው ስፋቱ ነው። ሐረማያ ከተማ ውስጥ የተሠራ ዩኒቨርሲቲ አይመስልም፤ ራሱ ከተማ ነው። የመምህራን መኖሪያ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ ማሳ አለ፣ ከብት አለ። ዛፎቹ ትልልቅና ያረጁ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ጥላ ሰው ሰብስቦ ያስተምራል።

ታሪኩም ረጅም ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር ተስማምቶ የግብርና ኮሌጅ ለማቋቋም የተነሳው በ1940ዎቹ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን የመረቁት በጥር 1950 ዓ.ም ነው። ያኔ ቦታው አለማያ ነበር የሚባለው። በ1977 ዓ.ም የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም የያዘው በ1998 ዓ.ም ነው።

ለመራጭ ተማሪ ይህ ታሪክ ምን ይረባዋል? ኦክላሆማዎቹ ይዘውት የመጡት አንድ አሠራር አለ፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውን ደግሞ ለገበሬው ማድረስ። ሦስቱ አይነጣጠሉም። ስለዚህ ክፍሉና ማሳው ጎረቤት ናቸው። እኛ በሄድንበት ጠዋት አንድ አምስት የሚሆኑ ተማሪዎች ማሽላ ውስጥ ቆመው ነበር። አንዷ ረጅም ማስመሪያ ከግንዱ ጋር አስጠግታ ቁጥር ትጠራለች። ሌላዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች። ቁጥሩን ስትጽፍ እርሳሱ ላይ ጤዛ ነበር። የእህቴ ልጅ ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ «ይሄ ነው ክላሳቸው?» አለችኝ። አዎ፣ ይሄ ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከዚህ ግቢ በእፅዋት ሳይንስ የተመረቁት በ1965 ዓ.ም ነው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። አቀንጭራ ምን እንደሆነ ለሐረርጌ ገበሬ አይነገርም። አበባዋ ቆንጆ ናት፤ ከሥር ግን የማሽላውን ሥር ይዛ ትመጠዋለች። ይህን ለልጅቷ ስነግራት «ከዚህ ተነስቶ?» ብላ ደግማ ማሳውን አየችው። ግብርና «ውጤት ያነሰው የሚገባበት ነው» የሚባለውን ወሬ ያኔ የተወችው ይመስለኛል። እኔም በዚህ ወሬ በጣም ነው የምናደደው። አገሪቱን የሚመግብ ትምህርት ነው።

ከግቢው ወጣ ስትሉ ደግሞ ሐይቁን እዩ። የሐረማያ ሐይቅ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ለመስኖ፣ ለጫትና ለአትክልት ተሳበ፤ ለከተሞች መጠጥም ተሳበ፤ አፈር ከተራራው እየታጠበ ሞላው። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። አካባቢ ጥበቃ ወይም የውሃ ነገር መማር የሚፈልግ ልጅ ከዚህ የተሻለ የመማሪያ መጽሐፍ የት ያገኛል? ከክላስ በእግር ወጥቶ የሚያየው ነው።

አሁን ስለ ኑሮው። ግቢው ከከተማ ራቅ ያለ ነው። ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አጠገቡ ያለችው ባቴ ትንሽ ናት፤ ሻይ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ምግብ ቤት፣ ሱቅ አላት፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። መታየት የሚወድ፣ ማታ ማታ ካፌ መቀመጥ የለመደ ልጅ መጀመሪያ ይጨንቀዋል። ለመማር ብቻ የመጣ ልጅ ግን እዚህ የሚያባክነው ነገር ያንሳል። ጓደኝነቱም ይጠነክራል። ተማሪው ሁሉ እዚያው ስለሚያድር፣ እዚያው ስለሚበላ፣ ቤተሰብ ይሆናል።

ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች አንድ ነገር አድርጉ። ከላይብረሪ እስከ ሴቶች ዶርም ድረስ በእግራችሁ ሂዱ። በቀን ሳይሆን ሲመሽ። እኛ 1 ሰዓት ሲል ሄድንበት። ደቂቃውን ቆጠርን። ከፊታችን ሦስት ልጆች ተያይዘው እየሳቁ ይሄዱ ነበር። «ሁልጊዜ አብራችሁ ነው የምትመለሱት?» አልኳቸው። «አዎ፣ ላይብረሪ ስንገባ ነው የምንቃጠረው» አሉኝ። ልጄን እንዲህ ያለ ጓደኛ እንድትይዝ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው የምመክራት። ስፋት ያለው ግቢ ውበቱም ድካሙም መንገዱ ነው፤ የትኛው ዶርም ከየትኛው ክላስ እንደሚርቅ ማወቅ ተገቢ ነው።

ሐረር

ማታውን ዘመድ ቤት ሐረር አደርን። ጠዋት ወደ ጤና ኮሌጁ ሄድን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የእህቴ ልጅም ተሳስታ ነበር። ሐረር ያለው የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቅጹ ላይ «ሐረር» ብላችሁ የምትሞሉት ለብቻው የቆመ ምርጫ አይደለም። የምትመርጡት ሐረማያን ነው። ጤና የሚደርሳችሁ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ውጤታችሁና በዲፓርትመንት ምርጫችሁ ነው። ስለዚህ ጋውኑን ከመመኘት በፊት የፍሬሽማን ውጤት ማሰብ ነው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ትንሽ ፊቷ ጠቆረ። ቤት ሆና ሰምታው ቢሆን «የአክስቴ ወሬ» ብላ ትተወው ነበር፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲነግሯት ግን አመነች።

ሐረር ላይ ያለው ተማሪ የሚኖረው ኑሮ ከሐረማያው ፈጽሞ ይለያል። ሕይወት ፋና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የማስተማሪያ ሆስፒታላቸው ነው። በሽተኛው ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር፣ ከሶማሌ ክልል፣ ከከተማውም ይመጣል። ስለዚህ መማር የሚጀምሩት ከሰው ነው። በሽታውን ገና መጽሐፍ ላይ ሳያነቡት አልጋ ላይ ያዩታል።

አንድ ነገር አይቼ ልቤ ተነካ። ግቢ በር አካባቢ ጥላ ስር አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር፤ ራሳቸውን በሻሽ አስረዋል፣ የመድኃኒት ወረቀት ጨብጠዋል። አንድ ተማሪ ጋውኑን እጁ ላይ እንዳንጠለጠለ ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ አናገራቸው። ወረቀቱን አነበበላቸው። ሦስት ጣቱን አሳይቶ፣ ቀጥሎ ወደ ፀሐይ ጠቆመ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ማለቱ ነው። እሳቸውም ጣታቸውን እየቆጠሩ ደገሙለት። ሲሄድ እጁን ይዘው መረቁት። ጠጋ ብዬ «የዚህ አገር ልጅ ነህ?» አልኩት። አይደለም፤ ከሰሜን ነው የመጣው። ኦሮምኛውን የተማረው እዚሁ፣ ከዶርም ጓደኞቹና ከበሽተኛ ነው።

ጤና ልትማሩ ወደዚህ አገር የምትመጡ ልጆች ይህን ያዙልኝ። አማርኛ ብቻ ይዛችሁ በሽተኛ ፊት ስትቆሙ እጃችሁ ያጥራል። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ደግሞ የሐረሪዎች ቋንቋ ጌይ ሲናን አለ። ቋንቋ ለመማር ዝግጁ ከሆናችሁ ግን እንደ ሐረር የሚያስተምር የለም። ሰው አይስቅባችሁም። ተሳስታችሁ ስትናገሩ አርሞ ይመልስላችኋል፣ ሻይ ይጨምርላችኋል።

ከተማዋም ራሷ ታስተምራለች። ጁገል ከክፍለ ዘመናት በፊት የታጠረች ናት፤ አምስቱ ጥንታዊ በሮቿ ዛሬም ሰው ይገባባቸዋል፣ ይወጣባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ለተማሪ ግን ዋናው ጥቅሟ ሌላ ነው። ሐረር እንግዳ የለመደች ከተማ ናት። አንድ ልጅ ከሩቅ አገር መጥቶ በሁለተኛው ወር ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የሚያውቀው ባለሱቅ ያገኛል። አየሩ ደግሞ መሃል ላይ ነው፤ እንደ ሐረማያ አይበርድም፣ እንደ ድሬ አይሞቅም።

ድሬ

ድሬን በመጨረሻ ያየሁት አውቄ ነው። የቤት ልጅ ስለሆንን ቶሎ እናዳላለታለን። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደረስን። ድሬ ከሆናችሁ ሰዓቱን ታውቁታላችሁ፤ ከተማው በሙሉ ጫት መቃሚያው በርጫ ላይ ነው ወይ ተጋድሟል። ግንቦትና ሰኔ 35 ዲግሪ ለድሬ ብርቅ አይደለም። ግቢው ውስጥ ግን ክላስ አለ። ተማሪው የሚሄደው በጥላ መስመር ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሳለ ሁሉም ሰው በአንድ በኩል፣ ግድግዳውንና ዛፉን ታክኮ ይጓዛል። የእህቴ ልጅ ሳታውቀው እሷም ጥላውን ይዛ ትሄድ ነበር። ሙቀቱ ለእሷ ምንም አይደለም፤ ከደጋ ለመጣ ልጅ ግን የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው።

ስለዚህ ድሬን ስትጎበኙ ጣሪያውን ተመልከቱ። ማራገቢያው ይዞራል ወይ? መስኮቱ በየት በኩል ነው? የፀሐይ መግቢያ በኩል ያለ ክላስ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው። ዶርም ስትገቡም የትኛው ፎቅ እንደሚሞቅ ነባር ተማሪ ጠይቁ፤ የመጨረሻው ፎቅ ጣሪያው የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልሰዋል። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ዘዴ አውጥተዋል። ብዙዎቹ ጥናታቸውን ወደ ንጋት አዙረዋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ እስከ ክላስ ድረስ መቸከል ድሬ ላይ የሰቃዮች፣ የጎበዞቹ ተማሪዎች ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ለማጥናት የለመደ ልጅ ይህን ልማድ መቀየር አለበት።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ነው ሥራ የጀመረው። ከሐረማያ ጋር ሲተያይ ታናሽ ወንድም ነው። የዛፍ ዕድሜ አትፈልጉበት። ያለው ትልቅ ሀብት ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ከተማዋ ናት። ድሬ ራሷ የተወለደችው ከባቡር ነው፤ ሐዲዱ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ዛሬም ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ ባቡር በዚህ ያልፋል። የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ላይ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተከፈተውም እዚሁ ነው። ኢንጂነሪንግ፣ ሎጂስቲክስ፣ አካውንቲንግ፣ ንግድ ነክ ነገር የምትማሩ ከሆነ ለልምምድ የምትወጡበት ቦታ በባጃጅ ይደረሳል። ይህን በቀላሉ አትለፉት። ሌላ ከተማ የሚማር ልጅ ለልምምድ ቦታ ፍለጋ ወር ይባክናል።

አሁን እናቷን የሚመለከተውን ልናገር፤ ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ይኸኛው ነው። «ከቤት ትመላለሳለች» የሚለው ሐሳብ ለወንድና ለሴት ልጅ እኩል አይደለም። ወንዱ ልጅ ከግቢ ሲመለስ «ደክሞታል» ተብሎ ምግብ ይቀርብለታል። ሴቷ ስትመለስ ቡናው ይጠብቃታል። ጎረቤት ለቅሶ አለ፣ «ሂጂና እንጀራ አድርሺ»። የአጎት ልጅ ሰርግ አለ፣ «አንድ ቀን ብትቀሪ ምን አለበት»። እህቴን በጣም እወዳታለሁ፤ ልጇንም የምትወደው ከራሷ በላይ ነው። ግን ይህን ነገር ፊት ለፊት ነገርኳት። ልጅቷ ድሬ ከተማረች ዶርም ትደር። ቅዳሜ ትምጣ፣ እሁድ ማታ ትመለስ። ቤት ያደረች ሴት ተማሪ ግማሽ ተማሪ ነው የምትሆነው። እህቴ ዝም አለች። ቆይታ «እውነትሽን ነው» አለች።

ጫትን ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ታማኝ አልሆንም። ሦስቱም ቦታዎች ያሉት የጫት አገር ላይ ነው። ከሐረማያ ወደ ሐረር ስትሄዱ የምታልፉበት አወዳይ የጫት ገበያ ነው። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የታወቀ ነው። በፈተና ሰሞን «ለመቸከል» ብሎ የጀመረ ልጅ በኋላ ያለሱ መጽሐፍ መግለጥ ያቅተዋል። ይህን ያየሁት አንድ ሁለት ጊዜ አይደለም። ልጃችሁን አታስፈራሩ፤ በግልጽ አውሩለት። ሲጎበኝም ከሰዓት በኋላ የት የት ሰው እንደሚቀመጥ ይይ። ሳይቅም ያጠና ሰቃይ በየግቢው አለ፤ እሱን ፈልጎ ይተዋወቅ።

ከግቢው ይልቅ ዲፓርትመንቱ

እስካሁን ያልኩት ስለ ቦታው ነው። ቦታው ግን ግማሹ ነገር ነው። ግቢው የቱንም ያህል ቢያምር ዲፓርትመንቱ ካልሠራ እንደኔ ሰማያዊ ጨርቅ እያያችሁ ትመረቃላችሁ። ስለዚህ የምትፈልጉት ዲፓርትመንት ደጅ ድረስ ሂዱ። ማስታወቂያ ሰሌዳውን አንብቡ። አዲስ ወረቀት አለ? የክላስ ፕሮግራም ተለጥፏል? ውጤት በጊዜው ይወጣል? የላብራቶሪ ሰዓት ተጽፏል? ወረቀቶቹ ሁሉ የዓምና ከሆኑ ያ ራሱ መልስ ነው።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። የጂሲ (ተመራቂ) ተማሪዎችን አግኝታችሁ «ዓምና ከእናንተ ዲፓርትመንት ስንቱ አለፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያኮራ ቁጥር ካላቸው ሳትጨርሱ ይነግሯችኋል። ዝም ካሉ ወይ ወሬ ከቀየሩ ገባችሁ ማለት ነው። እኛ በሁለቱም ዩኒቨርሲቲ በየዲፓርትመንቱ ጠየቅን። መልሱ በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ከዲፓርትመንት ዲፓርትመንት ይለያያል። «ይኼ ዩኒቨርሲቲ ጎበዝ ነው፣ ያ ሰነፍ ነው» የሚባለው ወሬ ብዙም አያስኬድም።

ገንዘብ ላይ ባጭሩ። ኮስት ሸሪንጉን (የትምህርት ወጪ መጋራት ውሉን) የትም ብትገቡ ትፈርማላችሁ፤ ለመምረጥ አይረዳም። ልዩነቱ ያለው በኪስ ገንዘብ ነው። ነን ካፌ ሆኖ ውጭ መብላት ለሚፈልግ ተማሪ ድሬ አማራጩ ሰፊ ነው፤ ከፉል እስከ ፈቲራ፣ ከሽሮ እስከ ሩዝ። ግን አማራጭ ሲበዛ ወጪም ይበዛል። ሐረማያ ገንዘብ የሚያጠፉበት ቦታ ያንሳል፤ በዚያ ፋንታ የሹራብና የብርድ ልብስ ወጪ አለ። ከሩቅ ለሚመጣ ልጅ ድሬ አውሮፕላንም ባቡርም አላት። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ለሚመጣ ግን ሐረማያም ሐረርም ያው መንገድ ላይ ናቸው።

አስም ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ልጅ ካላችሁ የአየር ጠባዩን ሐኪሙን አማክሩ። የጤና ማስረጃ አቅርቦ ልዩ ምደባ የሚጠየቅበት አሠራር አለ። በጊዜው ጠይቁ፤ ምደባ ከወጣ በኋላ መሯሯጥ ያደክማል።

ቅጹን ስትሞሉ

ምደባው ውጤትንና የምርጫ ቅደም ተከተልን ያያል። ስለዚህ «አንደኛዬ ካልደረሰኝ ምን ይመጣል?» ብላችሁ ሁለተኛና ሦስተኛውንም እንደ አንደኛው ተጨነቁበት። ብዙ ልጅ አንደኛውን አንድ ወር አስቦ የቀረውን በአምስት ደቂቃ ይሞላል። በኋላ የሚደርሰው ግን ያ በአምስት ደቂቃ የሞላው ነው።

አንድ ነገር መማር የወሰነ ልጅ ያ ትምህርት ወዳለበት ይሂድ። ግብርና፣ እንስሳት ሕክምና፣ የተፈጥሮ ሀብት ከሆነ ሐረማያን እለዋለሁ። ጤና ከሆነም ሐረማያን ሞልቶ የመጀመሪያውን ዓመት ጥርሱን ነክሶ ይሥራ፤ ሐረር ይጠብቀዋል። ኢንጂነሪንግና ንግድ ከሆነ፣ ሥራውን በዓይኑ እያየ መማር ከፈለገ ድሬ ጥሩ ናት። ገና ያልወሰነ ልጅ ብዙ በር ያለበት ግቢ ቢገባ ይሻለዋል። ሐረማያ ከግብርና እስከ ጤና፣ ከሕግ እስከ ኢንጂነሪንግ ስላለው ሐሳቡን ቢቀይር ግቢ ሳይቀይር ይቀይራል።

በሁለተኛው ቀን ማታ ቤት ተመልሰን ሁላችንም ጠረጴዛ ከበብን። ልጅቷ ያየችውን ተናገረች። ስለ በሩ፣ ስለ ሕንፃው አልነበረም። ስለ ማሽላው ማስመሪያ፣ ስለዚያ ልጅ ሦስት ጣቶች፣ ስለ ድሬ የጥላ መስመር ነው ያወራችው። አባቷ «ታዲያ ምን ወሰንሽ?» አላት። አንደኛ ሐረማያ፣ ሁለተኛ ድሬዳዋ ብላ ሞላች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ «እማ፣ ያቺ የክረምት ሹራብሽ የት ናት?» አለቻት። እህቴ ተነስታ ሳጥኑን ከፈተች።